ከናይሮቢ የተነሣ ጥያቄ፦ ክዋሲ ዊሬዱና በራስ ቋንቋ የመፈላሰፍ ነገር

ከፓርክላንድስ ተነሥቶ በሙዚየም ሂል በኩል ወደ መሀል ከተማ የሚወርድ ሰው ብሔራዊ ሙዚየሙን አልፎ ብዙም ሳይርቅ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲን ዋና ግቢ ያገኛል። የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤትም የሚገኘው እዚያው ፓርክላንድስ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ይህን ዩኒቨርሲቲ የሚያውቀው ሐኪሞችንና የሕግ ባለሙያዎችን በማፍራቱ ነው። የአፍሪካን የፍልስፍና ሊቃውንት ከአርባ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ አንድ ትልቅ ጥሪ በዚህች ከተማ መድረክ ላይ እንደተሰማ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 1980 ዩኔስኮ በአፍሪካ የፍልስፍና ትምህርትና ምርምር ያለበትን ሁኔታ የሚመረምር ጉባኤ በናይሮቢ አካሂዶ ነበር። ከጋና የመጡት ፕሮፌሰር ክዋሲ ዊሬዱ በጉባኤው ላይ ባቀረቡት ጽሑፍ አፍሪካውያን ፈላስፎች ከፖለቲካዊ ነፃነት ቀጥሎ የሚጠብቃቸው ሌላ ነፃነት እንዳለ ተናገሩ። ይኸውም የሚያስቡባቸውን ጽንሰ ሐሳቦች ከቅኝ አገዛዝ ማላቀቅ ነው። የጉባኤው ጽሑፎች እ.ኤ.አ. በ1984 ፓሪስ ላይ ታትመው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ስለ አፍሪካ ፍልስፍና የሚጽፍ ሰው ሐሳቡን ቢቀበለውም ቢቃወመውም ሳይጠቅሰው ማለፍ አዳጋች ሆነበት።

ለመሆኑ እኚህ ሰው ማን ነበሩ? ያሉትስ ምን ነበር? አማርኛ ለሚናገርና ለሚያነብ ሰውስ ጉዳዩ ምን ያገባዋል?

ከኩማሲ እስከ ኦክስፎርድ

ክዋሲ ዊሬዱ እ.ኤ.አ. በ1931 በኩማሲ ከተማ ተወለዱ። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አካን ነው። በጋና ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፍልስፍና ካጠኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1958 ወደ ኦክስፎርድ ተሻግረው በጊልበርት ራይል መሪነት ተማሩ። በዚያ ዘመን ኦክስፎርድ ትንታኔያዊ እየተባለ የሚጠራው ፍልስፍና ዋና መዲና ነበረች። የዚህ ፍልስፍና ተከታዮች ታላላቅ ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ ለመመለስ ከመቸኮል ይልቅ ጥያቄው የቀረበባቸውን ቃላት አንድ በአንድ እየፈቱ መመርመርን ይመርጣሉ። ራይል ራሳቸው አእምሮን በሥጋ ውስጥ እንደተሸሸገ ሌላ ነገር አድርጎ መናገር የቃል አጠቃቀም ስሕተት ነው ብለው የተከራከሩ ሰው ነበሩ።

ዊሬዱ ወደ አገራቸው ተመልሰው በጋና ዩኒቨርሲቲ ከሃያ ዓመት በላይ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 «ፍልስፍናና አንድ አፍሪካዊ ባህል» የተሰኘው የመጀመሪያ መጽሐፋቸው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ከዚያም አሜሪካ ሄደው በደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለተኛውን ዐቢይ መጽሐፋቸውን አወጡ፤ በ2004 ደግሞ የአፍሪካን ፍልስፍና ከጥንት እስከ ዛሬ የሚዳስስ ግዙፍ የጥናት ስብስብ በአዘጋጅነት አሳተሙ። ያረፉት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ለአፍሪካ ባህል ጠበቃ ለመቆም የተጻፈ አልነበረም። ዊሬዱ ጊዜው ያለፈበትን ልማድ፣ ለሽማግሌ ቃል ያለ ጥያቄ መገዛትንና ሁሉን ነገር በመናፍስት ሥራ ማሳበብን በብርቱ ነቅፈዋል። በሌላ በኩል የአፍሪካን ገበሬ እምነት ከአውሮፓ ሳይንቲስት ዕውቀት ጋር አስተያይቶ «አፍሪካዊ ምክንያት አያውቅም» ማለት ትክክል እንዳልሆነ አሳይተዋል። ሚዛኑ እንዲቀና የአፍሪካ ገበሬ እምነት ከአውሮፓ ገበሬ እምነት ጋር መወዳደር አለበት አሉ። ይህ ቀላል የሚመስል ነጥብ በአንትሮፖሎጂና በፍልስፍና ምሁራን መካከል ይካሄድ የነበረውን ክርክር መሥመር አስለውጦታል።

ናይሮቢ የተዘጋጀ መሬት ነበረች

ዊሬዱ ያን ጥሪ ይዘው የመጡባት ናይሮቢ ለጉዳዩ እንግዳ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1968 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ታባን ሎ ሊዮንግና ሄንሪ ኦውር አኒዩምባ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተወግዶ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ማዕከላዊውን ቦታ እንዲይዝ ጠይቀው ነበር። የአቾሊው ባለቅኔ ኦኮት ፒቢቴክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 የምዕራባውያን ሊቃውንት የአፍሪካን ሃይማኖት እንዴት እንዳጠኑት የሚመረምር መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ አንድ ታሪክ ኋላ ዊሬዱ ለሚያነሡት ክርክር ዓይነተኛ ምሳሌ ሆኗል።

ታሪኩ እንዲህ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1911 የኢጣሊያ ሚሲዮናውያን የአቾሊ ሽማግሌዎችን «ማን ፈጠራችሁ?» ብለው መጠየቅ ፈለጉ። በአቾሊ ቋንቋ ግን ካለመኖር ወደ መኖር ማምጣትን የሚገልጽ ራሱን የቻለ ቃል ስላልነበረ ጥያቄው «ማን አበጃችሁ?» እንደ ማለት ሆኖ ደረሳቸው፤ ሸክላ ሠሪ ጭቃ እንደሚያበጀው ማለት ነው። ሰው ከእናቱ የሚወለድ ነውና ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋብተው እንደማያውቁ መለሱ። ጥያቄው ሲደጋገምባቸው አንዱ ሽማግሌ የአከርካሪ አጥንት ነቀርሳ ይዞት የሚጎብጥን ሰው «ሩባንጋ አበጀው» እንደሚባል ትዝ አለውና ይህንኑ ተናገረ። ሚሲዮናውያኑ የሚፈልጉትን ስም ያገኙ መሰላቸው። ከዚያ በኋላ ሰውን የሚያጎብጠው መንፈስ ስም የዓለም ፈጣሪ ስም ሆኖ ይሰበክ ጀመር።

ይህ ታሪክ ሊያስቅ ይችላል። ነገር ግን ዊሬዱ እንደተመለከቱት በተማረው አፍሪካዊ ላይ የሚደርሰው ከዚህ የከፋ ነው። የአቾሊው ሽማግሌ ቢያንስ ጥያቄው ግራ አጋብቶታል፤ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ የተማረው ሰው ግን መጋባቱም ቀርቶበት ጥያቄውን የራሱ አድርጎ ይይዘዋል።

የጥሪው ፍሬ ነገር

የዊሬዱ ሐሳብ ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው መከላከል ነው፤ ሰው ሳይመረምር ከባዕድ ቋንቋ ጋር የተቀበላቸውን የሐሳብ ቅርጾች ለይቶ ማውጣት አለበት። ሁለተኛው ማልማት ነው፤ በራሱ ቋንቋ ውስጥ ያለውን የሐሳብ ሀብት ለዛሬው ጥያቄ መጠቀም ይገባዋል። ዘዴውም ቀላል ነው። እውነት፣ መኖር፣ ዕውቀት፣ እምነት፣ አእምሮ፣ ነፍስ የመሳሰሉትን ቃላት ወስዶ ስለ እነርሱ የተማረውን ሁሉ በእናት ቋንቋው እንደገና ማሰብ። በእንግሊዝኛ ከባድ የነበረው ችግር በእናት ቋንቋው ጨርሶ የማይታይ ከሆነ ችግሩ የሰው ልጅ ሁሉ ሳይሆን የአንድ ቋንቋ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ እውነትን ወስደዋል። በአካን «ኖክዋሬ» የሚለው ቃል የሚያመለክተው ይበልጡን የተናጋሪውን ሐቀኝነት ነው። አንድ ነገር እውነት መሆኑን ለመግለጽ ግን አካኖች «እንዲህ ነው» ይላሉ። በምዕራቡ ዓለም አንድ የታወቀ አስተምህሮ አለ፤ እውነት ማለት አንድ አባባል በዓለም ካለው ሐቅ ጋር መስማማቱ ነው ይላል። ይህ በአካን ሲነገር «እንዲህ የሆነው ነገር እንዲህ ነው» ከማለት ብዙም አያልፍም። በእንግሊዝኛ ጥልቅ የመሰለው አስተምህሮ በአካን አዲስ ነገር ሳይናገር ይቀራል።

መኖርን በተመለከተ ሩዋንዳዊው ካህንና ሊቅ አሌክሲስ ካጋሜ ስለ ባንቱ ቋንቋዎች የጻፉትን ዊሬዱ ለአካንም አጽንተውታል። በአካን «አለ» ለማለት የሚነገረው ቃል «እዚያ ነው» የሚል የቦታ ስሜት አለው። ዴካርት ሰው ማሰቡን በመረዳት ብቻ መኖሩን ያረጋግጣል ብለው አስተምረዋል፤ የሚያስበው እርሱም ቦታ የማይዝ ረቂቅ ነገር ነው። አካን ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ግን «አለሁ» ባለው ቃል ውስጥ ቦታ አስቀድሞ ገብቷልና «የት?» ብሎ ይጠይቃል።

ከኦዴራ ኦሩካ ጋር የተደረገ ሙግት

የአንድ ሊቅ ተጽዕኖ ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ ያስነሣው ተቃውሞ ጥራት ነው። በዚህ ረገድ ናይሮቢ ለዊሬዱ ብቁ ተከራካሪ ሰጥታቸዋለች። ሄንሪ ኦዴራ ኦሩካ እ.ኤ.አ. በ1944 በምዕራብ ኬንያ በኡጌንያ ተወልደው በስዊድን ኡፕሳላና በአሜሪካ የተማሩ፣ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍናን ራሱን የቻለ ትምህርት እንዲሆን ካደረጉት ሰዎች ቀዳሚው ነበሩ። ዊሬዱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እውነትን ከአስተያየት ለይቶ ማየት አይቻልም የሚል ሐሳብ ሲያቀርቡ ኦሩካ በዚያው በጋናው «ዩኒቨርሲታስ» መጽሔት ላይ መልስ ጻፉ። እውነት አስተያየት ከሆነ የሁሉም ሰው አስተያየት እውነት መሆኑ አይደለምን? ስሕተት የሚባል ነገርስ የት ሊቀር ነው? የሚል ነበር ጭብጡ። ዊሬዱም አስተያየት ሲሉ በዘፈቀደ የተባለውን ሳይሆን በምርመራ የተደረሰበትን ፍርድ እንደሆነ፣ ሰው ከራሱ ዕይታ ወጥቶ እውነትን ከውጭ የሚያይበት ሰገነት እንደሌለው መለሱ። ከአክራ ናይሮቢ በተመላለሰው በዚህ ክርክር ሁለት አፍሪካውያን ሊቃውንት አውሮፓን ዳኛ ሳያደርጉ ስለ እውነት ራሱ ተሟግተዋል።

ኦሩካ እ.ኤ.አ. በ1978 አክራ ላይ በተካሄደ ጉባኤ የአፍሪካን ፍልስፍና በአራት ፈርጅ የከፈለውን ዝነኛ ጽሑፋቸውን አቀረቡ። በ1974 በጀመሩት ጥናት ደግሞ በኬንያ ገጠር እየተዘዋወሩ ጠቢባን ሽማግሌዎችን አነጋግረዋል። የወገኑን ልማድ አሳምሮ የሚያውቀውን ሽማግሌ ልማዱን ከሚመረምረውና ከሚተቸው ሽማግሌ ለዩ፤ ፈላስፋ የሚባለው ሁለተኛው ነው አሉ። የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1990 በመጽሐፍ ታትሟል። ኦሩካ በዲሴምበር 1995 ናይሮቢ ውስጥ በመኪና አደጋ ሕይወታቸው አልፏል። የዊሬዱና የኦሩካ መንገድ የተለያየ ቢመስልም መድረሻው ተቀራራቢ ነው። አንዳቸው ቃሉን ጠየቁ፤ ሌላኛው ቃሉን የሚናገረውን ሽማግሌ ጠየቁ።

አማርኛ ቢጠየቅስ?

የዊሬዱ ጥሪ ለአካን ተናጋሪ ብቻ የተላለፈ አይደለምና አማርኛንም በዚያው ሚዛን ማስቀመጥ ይቻላል። ውጤቱ ግን ሁልጊዜ ከአካን ጋር አንድ አይሆንም።

«አለ» የሚለውን እንይ። ከግእዙ «ሀለወ» ጋር የሚዛመድ ነው፤ ህላዌና ህልውናም ከዚያው ይወጣሉ። አማርኛ «እግዚአብሔር አለ» ሲል ቦታ ሳይጠቅስ ሐሳቡ ሙሉ ነው። በዚህ በኩል የአካኑ ክርክር ለአማርኛ አይሠራም። ነገር ግን ለ«አለ» የምንጠቀምበት አርእስት «መኖር» ነው። መኖር ደግሞ ህልውና ማግኘትም፣ በሕይወት መቆየትም፣ በአንድ ሰፈር መቀመጥም ነው። የፓርክላንድስ ነዋሪ የሚባለው ሰው በአንድ ቃል ሦስቱንም ይሆናል። «እንደምን ነህ?» ሲባል «አለሁ» የሚል ሰው፣ ወይም ለተቸገረ ወዳጁ «አለሁልህ» የሚል ሰው፣ ስለ ህልውና የሚናገረው ብቻውን ተቀምጦ እንደሚያስብ ፈላስፋ አይደለም። በሌሎች መካከል መገኘቱን ይናገራል።

እውነትም እንዲሁ ነው። በግእዝ «አማን» እውነት ማለት ሲሆን ከ«አምነ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ እምነትም ከዚያው ነው። ስለዚህ በግእዝ እውነት የሚታመን፣ የማይከዳ ማለትን ይዞ ይገኛል። የአማርኛው «እውነት» ግን ከ«እውን» ጎን ይቆማል፤ እውን ደግሞ የሕልም ተቃራኒ ነው። አንዱ ቃል የሰውን ታማኝነት ሲያሳስብ ሌላው የነገሩን በገሃድ መታየት ያሳስባል።

አእምሮ የሚለው ቃል የዊሬዱን ሐሳብ ይበልጥ የሚደግፍ ነው። በግእዝ «አእምሮ» ማወቅ ማለት ነው። ዊሬዱ በአካን «አድዌኔ» የሚለው ቃል ሐሳብንም አእምሮንም ስለሚያመለክት አእምሮ በሰው ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ነገር ሳይሆን የማሰብ ችሎታ ነው ብለው ነበር። የግእዝ ሊቃውንት ይህን ቢሰሙ ቃሉ እንግዳ አይሆንባቸውም። ዛሬ ግን አማርኛ ተናጋሪ አእምሮን ከጭንቅላት ጋር አንድ አድርጎ ይናገራል። ይህ ለውጥ ተመርምሮ የመጣ ነው ወይስ ከዘመናዊ ትምህርት ጋር ሳይታሰብ የገባ? የናይሮቢው ጥሪ እንዲጠየቅ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።

«ባሕርይ»ና «አካል» ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣሉ። ባሕርይ በመጀመሪያ ዕንቊ ማለት ነበር። ከዐረብኛ የሚተረጉሙ ሊቃውንት ዕንቊንም የነገርን ምንነትንም የሚያመለክተውን የዐረብኛ ቃል ሲያገኙ ለግእዙ ባሕርይ ሁለቱንም ትርጉም ሰጡት። አካል በነገረ ሃይማኖት ስለ ሥላሴ ሲነገር ረቂቁን ነገር ያመለክታል፤ በየዕለቱ አነጋገር የሚዳሰስ ገላ ነው። በደርግ ዘመን የማርክስ ትምህርት ሲተረጎም ይኸው ቃል «ቁስ አካል» በሚለው ውስጥ ገብቶ መንፈስን ለሚክድ ፍልስፍና አገልግሏል። አንድ ቃል እንዲህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲጓዝ ተናጋሪው ልብ ካላለው የሚያስበው ቃሉ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ላይ ኢትዮጵያ የቆየ ልምድ አላት። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአዲስ አበባ ያስተማሩት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በአምስት ቅጽ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ፍልስፍና ጥናት አንድ ነገር ደጋግመው አሳይተዋል። ኢትዮጵያውያን «አንጋረ ፈላስፋ»ን የመሰሉ መጻሕፍትን ሲተረጉሙ እንዳለ አልገለበጡም፤ ጨመሩ፣ ቀነሱ፣ ከራሳቸው አኗኗር ጋር አስማሙ። ዊሬዱ በናይሮቢ እንዲጀመር የጠየቁት ሥራ የግእዝ ተርጓሚዎች ስም ሳይሰጡት ሲሠሩት የኖሩት ነው። ዊሬዱ ራሳቸው በ2004 ባዘጋጁት የጥናት ስብስብ ስለ ዘርዐ ያዕቆብ የሰምነርና የቴዎድሮስ ኪሮስ ጽሑፎች እንዲካተቱ አድርገዋል። የ«ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» ደራሲ በእርግጥ የ17ኛው ምዕተ ዓመት ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ ጽሑፉን በ19ኛው ምዕተ ዓመት ወደ አውሮፓ የላኩት ካፑቺናዊ መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ? የሚለው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም።

የተነሡ ተቃውሞዎች

የዊሬዱ ዘዴ አደጋ የለበትም ማለት አይደለም። ኬንያዊው ጆን ምቢቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት መጽሐፍ ከኪካምባና ከጊኩዩ ቋንቋዎች የጊዜ አገላለጽ ተነሥተው አፍሪካዊ ረጅም መጪ ዘመንን አያስብም እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ብዙዎች አጥብቀው ተቃውመዋቸዋል፤ ለአንድ ነገር ቃል አለመኖሩ ሐሳቡ የለም ማለት አይደለምና። ራሱ የአካን ተናጋሪ የሆኑት ክዋሜ ጄክዬም የአካን ሰው ስለ ነፍስና ስለ ሥጋ የሚያምነውን ዊሬዱ አሳስተው ተረጎሙ ሲሉ ተከራክረዋል። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሁለት ፈላስፎች ስለዚያው ቋንቋ ካልተስማሙ ቋንቋ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ዊሬዱ ይህን አልካዱም። ከአንድ ቋንቋ የተገኘ ሐሳብ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰውም ሊረዳውና ሊመዝነው በሚችል ምክንያት ሲደገፍ ብቻ ነው አሉ። ከራስ ቋንቋ መነሣት ወደ ራስ ጎጆ መግባት አልነበረም። በኦክስፎርድ የተማሩትን የትንታኔ ዘዴ እስከ መጨረሻው አልጣሉም፤ አዙረው ያን ትምህርት ራሱን መረመሩበት እንጂ።

የቀረው ቅርስ

ቀድሞ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ዲስማስ ማሶሎ እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ2010 ባሳተሟቸው መጻሕፍት የዊሬዱን ሐሳብ በስፋት ተንትነዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ቺኬ ጄፈርስ ያዘጋጁት፣ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ መቅድም የጻፉለት አንድ መድበል ታተመ። በውስጡ ፈላስፎች በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የጻፏቸው መጣጥፎች ከእንግሊዝኛ ትርጉማቸው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ዊሬዱ በዚያ በአካን ጻፉ። ከቋንቋዎቹ መካከል ዶሉኦና አማርኛም ይገኙበታል። በ1980 በናይሮቢ ሲነገር ጥሪ ብቻ የነበረው ሐሳብ ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ የሚነበብ ገጽ ሆነ።

በፓርክላንድስ ጎዳናዎች ጉጃራቲ፣ ኪስዋሂሊ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ በአንድ ቀን ይሰማሉ። አማርኛ በቤት፣ በቡና ላይና በጸሎት ይነገራል፤ ትምህርትና ሥራ በእንግሊዝኛ ይካሄዳሉ። ልጆች «እውነት ምንድን ነው?» የሚለውን በእንግሊዝኛ ተምረው ሲመለሱ በአማርኛ የሚጠብቃቸው ብዙውን ጊዜ ሰላምታና ትእዛዝ ብቻ ነው። ቋንቋ ለመነጋገሪያ ብቻ ሲቀር ይዞት የኖረው ሐሳብ ቀስ በቀስ ይሸሻል። ክዋሲ ዊሬዱ ለዚህ ያቀረቡት መፍትሔ ከባድ ወጪ አይጠይቅም፤ በእንግሊዝኛ የተማሩትን አንድ ጥያቄ ወስዶ ማታ ቤት ውስጥ በአማርኛ እንደገና መጠየቅ ነው።